በመዳፍ ሲመዘን

ሙሽራዋ ከመኪናው ልትወርድ፣ አንድ እግሯን ብቻ ስታወጣ፣
ኮምፒውተሬ ድርግም አለ፤ ሳያስጠነቅቅ፣ ሳይቆጣ።
እኔም እንደለመደ አፌ መብራት ኃይልን ረገምኩ፣
በጨለመው ስክሪን ውስጥ የራሴን ፊት እያየሁ ቆምኩ።

ግን ከጎኔ፣ ከነዚፍ ጸጉር ቤት፣ ቶንዶስ ያንጎራጉራል፤
መስታወቱን የከበበው አምፖል አንድም ሳይጎድል ይበራል።
የሄርማታ መንገድ ሁሉ ደምቋል፤ የጨለመው የኔ ብቻ።
እርግማኔን ልመልሰው ብል፣ አልፏል የአዌቱን ዳርቻ።

ካርዱን የገዛሁት ሰሞኑን ነው፣ አጂፕ ከተዘጋ ጌም ቤት፤
ሦስት ዓመት የልጅ ጩኸት የሰማ፣ አቧራ የጠገበ ብረት።
«በሬ ነው!» አለኝ ሻጩ፣ «ሰርግሽን ሁሉ ይጎትታል!»
በሬነቱን ነገረኝ እንጂ፣ መች ነገረኝ ስንት ይበላል!

በፌስታል ጠቅልዬ ሳጥኑን፣ በሐምሌ ዝናብ፣ በባጃጅ፣
ተማም ዘንድ ደረስኩ፣ ጭኔ ላይ አቅፌው እንደ ታመመ ልጅ።
ተማም ሰሚ ነው እንጂ ተናጋሪ አይደለም ብዙ፤
አንድ መነጽር በክር የታሰረ፣ አንድ መፍቻ ነው ጓዙ።

ካርዱን አልነካም። ከጓሮው ገብቶ አራት ብሎን ፈታ፤
ፓወር ሰፕላዩን አወጣና መዳፉ ላይ አኖረው ለአፍታ።
ከፍ፣ ዝቅ አደረገው፣ ሚዛን እንዳላመነ ገበያተኛ፤
«ስድስት መቶ ዋት ይላል» አለኝ፣ «ተለጣፊው ነው ውሸተኛ።
የተጻፈውን ተዪው እስቲ፤ ያዢው፣ ክብደቱ ይናገር፤
ሩብ ኪሎ ስኳር አይሞላም፤ በውስጡ የለም ቁም ነገር።»
ሲከፍተው ባዶ ሰፈር ነው፤ ሽቦው እንደ ክር የሳሳ፣
ትልቁ ኮይል በሚቀመጥበት፣ የአንዲት ትንኝ ሬሳ።

በሳሙና ካርቶን ጀርባ፣ በእርሳስ፦
ካርዱ ሁለት መቶ ሃያ።
ፕሮሰሰሩ ዘጠና አምስት።
ዲስኩ፣ ፋኑ፣ ቀሪው ኮተት፣ አርባ እንበለው።
«ሦስት መቶ ሃምሳ አምስት» አልኩ። «አራት መቶ ብገዛስ?»

«ይሄ እኮ ሲረጋጋ ነው። ሲደነግጥ ግን፣ ለዓይን ቅጽበት፣
እጥፉን ይጎነጫል፤ ያኔ ነው ቤቱ የሚፈርስበት።
ቬሉ፣ አበባው፣ ርችቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲመጣ፣
ካርዱ ‹ስጠኝ!› ይላል በድንገት፤ ይሄ ምስኪን ከየት ያምጣ?
ስድስት መቶ ሃምሳ ግዢ፤ ግን በእውነት የሆነውን፤
ከባዱን፣ ገመዱ የወፈረውን፣ ስሙን የማያፍረውን።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጠየቅኩት እንዲሁ ድንገት፦
«ሰውስ፣ ተማም? ተለጣፊው የሚለውን ያህል ባይኖረው ጉልበት?»
አልሰማኝም። ወይም ሰምቶ፣ ብሎን ጠፍቶበት ይፈልጋል፤
«እግርሽን አንሺ» አለኝ፣ «እዚያ ሥር የሆነ ነገር ያበራል።»

ገንዘቤ አልሞላም። የሙሽራዋ እናት ሦስቴ ደውለዋል።
ተማም ከመደርደሪያ ሥር አሮጌ አራት መቶ ሃምሳ ጎተተ፤
ከባንክ ቤት የተጣለ፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ።
«እስክትገዢ በዚህ ይሁን፤ ካርዱን ግን እናስጹመው» አለ፤
«ከመቶ ሰባውን ብቻ ይጠጣ። ይዘገያል እንጂ አይወድቅም።»

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሙሽራዋ አንድ እግሯን አወጣች፤
ትንፋሼን ያዝኩ። ሁለተኛውንም። ቬሏን ሰብስባ ቆመች።
ፋኑ ያጉረመርማል፤ ቁጥሩ ይሄዳል፣ ቀስ፣ ቀስ፣ እንደ ጾመኛ፤
ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ሰባት

ድርግም።

መስኮቱን ከፈትኩ። የነዚፍ በረንዳ የለም። ሄርማታ የለችም።
እስከ ጅሬን ዳገት ድረስ አንድ አምፖል አይታይም።
ለመርገም አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ተውኩት።
ግድቡ እንደሁ ከዚህ ሩቅ አይደለም።
ስንት ዋት ተጽፎበት ይሆን? ውስጡንስ ማን መዘነው?
ጊቤን እንደሆነ ተማም እንኳ በመዳፉ አያነሳው።